ከወረቀቱ ውጭ ያሉት ሃያ ሻሾች

አሜሪካ፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ ባለ አንድ መጋዘን የገቢ ዕቃ ተረካቢ ነኝ። ሥራዬ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የጭነት መኪናው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቆማል፣ ካርቶኑ ይወርዳል፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ እቆጥራለሁ። ዕቃ ሲጎድል ቀላል ነው፤ ጎደለ ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ፣ ጣጣው የላኪው ነው። ጭንቁ የሚመጣው ዕቃ ሲተርፍ ነው። የተረፈ ዕቃ ባለቤት የለውም፣ መደርደሪያ የለውም፣ ኮምፒውተሩም አያውቀውም። በአንዲት የተረፈች የሻወር መጋረጃ ምክንያት ግማሽ ቀን ስንጨቃጨቅ የዋልንበት ጊዜ አለ። ይህን ለዓመታት ስላየሁ ካርቶን ውስጥ ከወረቀቱ ውጭ የሆነ ነገር ሳገኝ ደሜ ይፈላል። ደሜ ደግሞ ለመፍላት ብዙ እሳት አይፈልግም፤ ባለቤቴን ብትጠይቋት በደስታ ታጫውታችኋለች።

ታላቅ እህቴ ባህሬን ናት። እታለም ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ሰፈራችን ጉሊት ላይ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ሳዑዲ፣ ደማም የምትባል ከተማ፣ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። ስድስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ባህሬን ሄዳ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጠረች። ዛሬ የራሷ ሱቅ አላት። ሁለት ሴት ልጆች አብረዋት ይሰፋሉ። የሚሰፉት ጥቁር አባያ ነው፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ከአዲስ አበባ ሸማኔ የመጣ ቀጭን ጥለት ይገባበታል። የባህሬን ሴቶች ይህን ጥለት በጣም ወደውላታል።

ስፌቱን የተማረችው ደማም ነው፤ ማንም ግን አላስተማራትም። እመቤቷ ልብስ ልታሰፋ ስትሄድ እታለም ቦርሳ ይዛ ትከተላት ነበር። እመቤቷ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች፣ ትለካለች፣ ትመርጣለች። እታለም በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ባዶ ወንበር ነበረ፤ ተቀመጪ ያላት ሰው ግን አልነበረም። እንደቆመች ልኩን፣ ቆረጣውን፣ እጥፋቱን ሁሉ በዓይኗ ለቀመችው። ይህን ስታወራ ሁልጊዜ እየሳቀች ነው። እኔ ግን አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ሳዑዲንና ባህሬንን በሚያገናኘው የባሕር ድልድይ ተሻግራ ለዕረፍት ባህሬን መጣች፤ የሳዑዲ ሰዎች በሳምንቱ መጨረሻ እንዲህ ይመጣሉ። ሴትየዋ እዚያው ደማም የሴቶች ልብስ ሱቅ ነበራት። ከእታለም ሁለት አባያ ገዝታ ሄደች፣ በሳምንቱ ደውላ ሰማንያ አዘዘች። እታለም የነገረችኝ ጠዋት ወደ ሥራ ስነዳ ነው። ቤቴ ካለበት ከሎረንስቪል እስከ ዱሉዝ መንገዱ በመኪና ጭንቅንቅ ያለ ስለሆነ ያንን ሰዓት ከሷ ጋር ነበር የማሳልፈው።

«ባህሬን እኮ መዳፍ ናት፣ ወንድምዬ» አለችኝ። «የሚገዛኝ ሰው ሁሉ ገዝቶኛል። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ገበያ ሌላ ነው። እዚያ ካልገባሁ እነዚህን ልጆች ይዤ እዚሁ ስሽከረከር ነው የምኖረው።»

ሌላም ነገር ጨመረች። «ደግሞ ያቺን ከተማ በሥራዬ መግባት እፈልጋለሁ። በፊት በር ገብቼ፣ ወንበር ስቤ፣ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ መነጋገር።»

«ፔፐርወርኩን ለኔ ተዪው» አልኳት። «እኔ ሃንድል አደርገዋለሁ።»

ያን ዕለት ፎርክሊፍቱን እያፏጨሁ ስነዳ ዋልኩ። እድሜ ልኳን የሰጠችኝ እሷ ናት። ገና መጀመሪያዋ ነበር ከኔ አንድ ነገር ስትፈልግ፤ የፈለገችው ደግሞ በዓለም ላይ አሳምሬ የማውቀውን ብቸኛ ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሎረንስቪሉ ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እሠራ ነበር። አራት ካርቶን፣ በየካርቶኑ ሃያ አባያ፣ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ክብደቱ። ልጆቼ ጠረጴዛውን በመያዜ እያጉረመረሙ ሶፋ ላይ በሉ። ዕቃው በጭነት መኪና ቀድሞ ሊሻገር፣ እታለም በማግስቱ ቪዛዋን ይዛ ሄዳ ለሴትየዋ በእጇ ልታስረክብ ተስማማን። ለዚያች ቀን ለራሷ አዲስ ልብስ ሰፋች፤ ፎቶውን ላከችልኝ።

«ከዚህ ወረቀት ውጭ አንዲት መርፌ እንኳ እንዳታስገቢ» ብዬ አስጠነቀቅኳት።

«እሺ፣ የኔ ጌታ» አለችኝ።

በተባለው ቀን ላንች ላይ ነበርኩ። መጋዘኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳንድዊቼን ስገምጥ ስልኬ ጮኸ። መኪናውን ድልድዩ ላይ አስቁመው መለሱት አለችኝ። የጉምሩክ ሰውዬ ሦስተኛውን ካርቶን ከፍቶ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ዕቃ አግኝቶ።

«የምን ዕቃ?»

«ሻሽ።»

«የምን ሻሽ?»

«የልጆች ሻሽ ነው። ከተረፈው ጨርቅ የሰፋኋቸው። ሃያ ናቸው፣ አጣጥፌ እጅጌዎቹ ውስጥ አድርጌያቸው ነበር» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምርቃት ናቸው።»

ሳንድዊቹን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሰማንያ ልብስ የገዛችኝን ሴት ያለ ምርቃት ላስረክባት?» አለች። «ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትልሽም፣ እታለም። ሴትየዋ ምርቃት የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። ደጋግሜ ነግሬሽ ነበር።»

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። አላቆምኩም። «ይሄ ኢምፖርት ኤክስፖርት ነው፣ ጉሊት አይደለም። ጉሊት ከሆነ የለመድሽው እዚያው ጉሊትሽ ላይ ቅሪ» አልኳት።

ከኋላዋ የስፌት መኪናው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር።

«ልክ ነህ» አለችኝ በመጨረሻ። «በል ምሳህን ብላ።»

በማግስቱ ጠዋት አልደወለችም። በሦስተኛው ቀንም አልደወለችም። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ እኔ ግን ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፊቴ ያለውን መኪና ሁሉ ተሳደብኩ። በአምስተኛው ቀን አጭር መልእክት ላከችልኝ። ሴትየዋ ከዒዱ በፊት ካልደረሰልኝ ከሌላ እገዛለሁ ብላለች፣ ሦስት ሳምንት አለን፣ ወረቀቱን አድሰህ ላክልኝ ይላል። መጨረሻው ላይ «ሻሾቹን አውጥቻቸዋለሁ» ብላ ጽፋለች። የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት፤ ወረቀቱንም ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልሠራው ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ዶራቪል ሄድን። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አትክልት የምንገዛበት የቬትናሞች ሱቅ አለ። ቃሪያ የምትመዝነው ሴትዮ እኛን ታውቀናለች፤ በምን ቋንቋ እንደምንግባባ ግን እግዜር ይወቅ። መዘነችልኝ፣ ከረጢቴ ውስጥ ገለበጠችልኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ አንድ እፍኝ ጨመረችልኝ። አመስግኜ ዞር ስል ባለቤቴ እጇን አጣምራ ታየኛለች።

«ከረጢቱን ለምን አልዘጋኸውም?» አለችኝ።

«መቼ?»

«ቅድም። ሚዛኑ እኮ አልቆ ነበር። አፉን ከፍተህ የቆምከው ምን ጠብቀህ ነው?»

እጄ ከኔ ሳይማከር የሚያደርገው ነገር ነው።

«ይቺ ምስኪን ምርቃት ምን እንደሆነ የት ታውቃለች? አንተ ነህ ከረጢት ከፍተህ እየቆምክ ያስለመድካት» አለች ባለቤቴ። «እህትህን ግን ጉሊት ብለህ ሰደብካት።»

መኪናው ውስጥ ገብተን ቁልፉን ይዤ ቀረሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም። ትዝ ያለኝ እታለም ሽንኩርት ስትሸጥ ነው። መደብ አድርጋ ከሸጠች በኋላ ሁልጊዜ አንዲት ትንሽ ሽንኩርት ትጨምር ነበር፤ ሽንኩርቱን መርጦ ማቀበል ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። ትልቅ ሽንኩርት ካቀበልኳት በዓይኗ ትቆጣኛለች፤ የበሰበሰ ካቀበልኳት ግን ማታ ራት ላይ ታነሳብኛለች። ምርቃት የበሰበሰ አይሆንም ትለኝ ነበር።

ሰኞ ለአለቃዬ አጫወትኩት። በዚህ ሥራ ላይ ያረጀ፣ ነገር የማያጣድፍ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ ለምን አትጽፉትም?» አለኝ። በነፃ የሚሰጥ ዕቃ የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ብዛቱን መጻፍ፣ ለሽያጭ አይደለም ብሎ መጻፍ፣ ዋጋ ባዶ ሲሆን ጥያቄ ስለሚያመጣ አንድ ትንሽ ዋጋ ማስቀመጥ። በቃ። ይህን ሁሉ ዓመት ወረቀት ተሸክሜ ስዞር የተረፈ ነገር ሲኖር መጣል እንጂ መጻፍ በሐሳቤ አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዬን ገና ከማስነሳቴ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም።»

«ምን አልከኝ?» አለች፤ አውቃ ነው።

«ጉሊት ብዬሻለሁ።»

«ጉሊት ምን ነውር አለው? ፊደል የቆጠርከው በጉሊት አይደለም እንዴ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ቅሪ ያልከኝ ነው የከፋኝ። ብዙ ሰው ቅሪ ብሎኛል። አንተ ትለኛለህ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።»

ማልቀሷን ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጥሩንባውን ነፋብኝ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል።

ዓይናችንን ከጠረግን በኋላ ሻሾቹን መልሳ እንድትከት፣ ወረቀቱ ላይ እኔ እንደምጽፋቸው ነገርኳት። ደስ አላት። ዋጋ ማስቀመጥ ግዴታ ነው ስላት ግን ደስታዋ ጠፋ።

«ዋጋ ከተጻፈበትማ ሸጥኩት ማለት ነው። እኔ አልሸጥኩትም።»

«ለወረቀቱ ያህል ነው፣ እታለም። ማንም አይከፍለውም።»

«ሴትየዋ ወረቀቱን ታየው የለ? ለምርቃት ዋጋ አወጣችለት ትበለኝ?»

«ባዶ ከሆነ እንደገና ይመልሱታል።»

«ኸላስ፣ በቃ እንግዲህ ይቅሩ።»

«አይቀሩም።»

እንዲህ ስንባባል ዱሉዝ ደረስኩ። እንደዚያ ቀን ደስ እያለኝ የተጨቃጨቅኩበት ጊዜ የለም። መጋዘኑ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን ሳጠፋ አንድ መላ መጣላት።

«የክሩን ጻፍ» አለችኝ። «ጨርቁ ትርፍራፊ ነው፣ ድካሙን እኔ ሰጥቻለሁ። ክሩን ግን ገዝቼዋለሁ፣ እሱ ውሸት አይሆንም።»

የሃያ ሻሽ ክር ዋጋ ተብሎ በአምስተኛው መስመር ተጻፈ። ከዚያ የሚያንስ ዋጋ ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም።

ከዒዱ ስድስት ቀን ሲቀር መኪናው ድልድዩን ተሻገረ። በማግስቱ እታለም ሄደች። ጠዋት ብሬኬን፣ የዕረፍት ሰዓቴን፣ ወስጄ ያው መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስጠብቅ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁማው ስለነበር ሱቁ በሙሉ ይታየኛል፤ መስታወት፣ መብራት፣ በስተግራ የተከፈቱት ካርቶኖች። ሴትየዋ ወረቀቱን ይዛ እየቆጠረች ነው። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጠየቀቻት፣ እታለም በዓረብኛ መለሰችላት። ሴትየዋ አንዱን ሻሽ አንስታ በመብራቱ አየችው፣ ሳቀችና ለልጇ መሆኑ ነው መሰለኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በእጇ ወንበር አመለከተቻትና ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

እታለም ስልኩ ውስጥ በሙሉ ቁመናዋ ትታየኛለች። ያንን አዲሱን ልብስ ለብሳለች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«እታለም» አልኳት።

«ወይ።»

«ወንበሩ እኮ ያውልሽ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ወንበሩ አየች። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ ወንድምዬ» አለችኝ።

ከሳምንታት በፊት በዚህችው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ቅሪ ያልኳት። አሁን ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«ተቀመጪ፣ እታለም» አልኳት።

መጣች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ የቀሚሷን ኋላ በእጇ አስተካከለች፣ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ጀርባዋ የወንበሩን መደገፊያ እስኪነካ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

«ተቀመጥኩ» አለችኝ።

ብሬኬ አልቆ ነበር። አልተነሳሁም፤ ሻይዋ መጥቶ ጠጥታ እስክትጨርስ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ።