ርስት የለካው የጋራዥ ብረት

ብምልላችሁም አታምኑኝም፤ ግን የቤተ ልሔም ታቦት ይመስክርብኝ! ሰፊው የጋይንት መሬት እኔ ዘንድ ሲደርስ ጠበበ። በሬዎቼ እርፍ ይዤ ሳዞራቸው የጎረቤት ፈቃድ ይለምናሉ፤ ገብስ ብዘራ የሚበቅለው ከታላቅ ወንድሜ ማሳ ነው።

ርስቱን ያካፈለን አባቴ ነው፣ በሕይወት ሳለ። የለካው ደግሞ ወንድሜ አያ ተገኘ ነው። መለኪያው አባቴ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ጋራዥ ያመጣው፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ነበር። ገመድ ይለጠጣል፣ ብረት ግን አያዳላም ተባለና አመንኩ።

አባቴ ከሞተ በኋላ አሮጌ የጋራዥ ዕቃ የሚገዛ መካኒክ ከጎንደር መጣ። ብረቱን ወንድሜ ቤት አሳየነው። አገላብጦ አየና፣ "ይህማ የመኪና የፊት ጎማዎች ሳይንጋደዱ መቆማቸውን መለኪያ ነው። ውስጡ ካልዛገና ከተሳበ የምትታለብ ላም ያወጣል" አለ።

እኔ በሐሳቤ ወተቱን መጠጣት ጀመርኩ። ወንድሜ ግን ላቡ ተንቆረቆረ።

"ኧረ አይሳብም ጌታው! አንድ ወጥ ብረት ነው! ባይሆን በዶሮ ዋጋ ይውሰዱት!"

"አያ ተገኘ፣ ላም እያለ ዶሮ? አመመህ እንዴ?" አልኩት።

መካኒኩ ብሎኑን አላላና ጎተተው። ብረቱ ከሆዱ ሌላ ብረት አወጣና ክንድ ሙሉ ረዘመ። መልሶ ቢገፋው አጠረ።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ይህን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ! አባባ 'የወንድምህን ስትለካ ብረቱን አሳጥረው' ሲሉህ፣ ብረት እንዴት ያጥራል እያልኩ ስገረም ኖሬ!"