የታጠነው ውስኪ እና የእማዬ ጋን

እማዬ ዛሬ ውስኪውን ለእንግዳ ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችው። ልክ እንደ ጠላ!

ጠርሙሱን ያመጣው ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ቤታችን ምሳ ተጋብዞ "ገብሱ በጭስ የደረቀ ነው፤ ከዚያ ውስኪው የወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ከርሟል" እያለ ያስረዳናል።

እኔን መጀመሪያ የተቃጠለ እንጨት እንጨት አለኝ። የወይኑ ጣፋጭነት የመጣው ከዋጥኩት በኋላ ነው።

እማዬ ግን መዳፏን ደግማ አሸተተች። "ታጥኗል" አለች። "ወይራ አይደለም እንጂ ታጥኗል።"

አቃቂ ሳለን ጠላዋ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ከገባን በኋላ አንዴ ኮሪደሩ ላይ ጋኗን በወይራ ጭስ ስታጥን፣ ጎረቤቶች ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ውሃ በባልዲ ይዘው ደረሱ። (እግዜር ይስጣቸው፣ ጋኑንም እኛንም አጠፉን።) ጋኑንም አቃቂ ላለ ሰው ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠንስሳ አታውቅም።

ጓደኛዬ ስለ በርሜሉ ማውራቱን ቀጠለ። እሷ ግን እየሰማችው አልነበረም።

"ልጄ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ያንን ጋን ለማን ነበር የሰጠሁት?"

ነገ አቃቂ ሄጄ ላፈላልገው ነው። እናንተስ፣ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ "እዚህ ምን ያደርግልናል" ብላችሁ ለሰው የሰጣችሁት ምን ነበር?