ቀኑ የሚገባበት ሰዓት

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት ቀን የሚቀየረው ከእራት በፊት ነበር። ሰው ሁሉ ነግቶለት አዲስ ቀን ሲይዝ፣ እኛ ግን ምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ከአባዬ የክንድ ሰዓት ላይ እንቀበል ነበር። ያ ሰዓት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ የእኔ ሆኗል።

በየማለዳው የሚሞላ ሰዓት ነው። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ፊቱ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ መስኮት አለችው፣ በመስኮቷ የቀኑ ቁጥር ይታያል። ሁለቱ ቆጣሪዎች አስራ ሁለት ላይ ሲገናኙ ቁጥሯ ጠቅ ብላ ትዞራለች። የሠራው ፈረንጅ ያሰበው ለእኩለ ሌሊት ነው። አባዬ ግን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ስለሚያስኬደው ጠቅታዋ ምሽት ላይ ዋለች። እሱ እንደሆነ ደስ ብሎታል። «በዓልስ ቢሆን በዋዜማው ምሽት አይደል የሚገባው?» ይል ነበር። ወር በሠላሳ ሲያልቅ ሠላሳ አንድን በእጁ ያሳልፋታል። ጳጉሜን ስትመጣማ ከሰዓቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ይሰነብታል።

ጠቅታዋን ለመስማት ጆሮዬን ክንዱ ላይ እለጥፋለሁ። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ሲመዝን ስለሚውል ክንዱ ጆንያና ደረቅ ቡና ይሸታል። እማዬ ከጓዳ ሆና «ገባ?» ትላለች። «ገባ!» እላለሁ። ከዚያ እራት ይቀርባል።

እማዬ ከከተማችን ከቦንጋ ወጣ ብላ ያለችው የማንኪራ ልጅ ናት። ሳቋ ከቤታችን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። በአንዱ ክረምት ታመመች፤ ቦንጋ ሐኪም ቤት የሚሆን አይደለም ተባለና ወደ ጅማ ሆስፒታል ወሰዷት። አክስቴ አብራት ሄደች። በጋቢ ተጠቅልላ መኪና ላይ ስትወጣ አይቼ እንዳላለቅስ ብሎ አባዬ ቁጢጥ አለና ሰዓቱን አሳየኝ። «ማሚቴ፣ እዚች መስኮት ላይ ሃያ አንድ ሲሆን ትመጣለች። ለማርያም እዚህ ናት» አለኝ። የዋሸኝ አይመስለኝም። ሐኪሞቹ እንደዚያ ሳይሉት አልቀሩም፤ ወይም እሱ እንደዚያ መስማት ፈልጎ ነው።

እንግዲህ በየምሽቱ ክንዱ ላይ ነኝ። ቁጥሯ እየተለወጠች፣ እየተለወጠች፣ አንድ ቀን ሃያ አንድ አለች። «ገባ!» ብዬ ጮህኩ። ከጓዳ የመለሰ አልነበረም። አባዬ ሳይዘኝ በዝናቡ ጭቃ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የጅማው አውቶቡስ ሰዎቹን አራግፏል፤ ረዳቱ ጣራው ላይ ሆኖ ሸራ ያጥፋል።

«እማዬስ?» አልኩት።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለኝ።

አባዬ እያለከለከ ደረሰና አቀፈኝ። «ገና ነው ማሚቴ፤ ሃያ አንድ እኮ ነገ ነው።»

«ሰዓቱ ሃያ አንድ ይላል» አልኩት። አዝሎኝ ወደ ቤት ተመለሰ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶች ተሰብስበው መጡ። መርዶ መሆኑን ያወቅሁት ከአባዬ ጩኸት ነው። እኔን ጎረቤት ቤት አዋሉኝ፤ ቀብሯንም አላየሁም። አላለቀስኩም። ክረምት ላይ ወንዝ ውስጥ ብዙ የቆየ እጅ ስትቆነጥጡት የሌላ ሰው እጅ አይመስላችሁም? ሁለመናዬ እንደዚያ ሆነ። «ልጅ ናት፣ አልገባትም» ይባባላሉ። ኧረ ገብቶኛል! ብቻ ሰዓቱ ሃያ አንድ ሲል ትመጣለች ተብያለሁ፤ በዚህኛው ካልመጣች በሚቀጥለው ትመጣለች ብዬ ነበር። ስለዚህ በየምሽቱ ቁጥሯ ስትዞር አይቼ በር ላይ እቆማለሁ። አባዬ ከኋላዬ ያየኛል። ግቢ አይለኝም፣ እራት ቀርቧል አይለኝም።

ወሩ ዞሮ ሃያ አንድ ሲቃረብ አባዬ እጄን ይዞ ገበያው ዳር ጋሽ ከድር ዘንድ ወሰደኝ። ጋሽ ከድር ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ቦንጋ የቀረ ሰው። ሱቁ ዘይትና ናፍታ ይሸታል። አባዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው።

«አይሆንም ጋሽ ወልዴ» አለ ጋሽ ከድር። «ቀኑ ጠቅ ሲል ቆጣሪ የሚተከለው አስራ ሁለት ላይ ነው። ነገ ሌላ ባለሙያ ቢከፍተው ከድር አያውቅም ይለኛል።»

«ልጅቷ...» አለ አባዬ፤ አልጨረሰውም።

ጋሽ ከድር እኔን አየኝ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካና ሰዓቱን ከፈተው። «ትንፋሽሽን ያዢ፤ እፍ ካልሽ ቆጣሪው ይጠፋናል» አለኝ፤ ያዝኩ። ቆጣሪዎቹን ነቅሎ ብርጭቆ ደፋባቸው። መሙያውን ስቦ ቁጥሯ ጠቅ እስክትል አዞረ። በወረንጦ መጀመሪያ አጭሩን አስቀመጠ፣ ብጫቂ ወረቀት ጣል አድርጎበት ጫን አለው፤ ከዚያ ረጅሙን፣ በመጨረሻም ሴኮንድ ቆጣሪውን። እንዳይነካኩ ሰዓቱን ዓይኑ አጠገብ አጋድሞ አየ። አባዬ የጋሽ ከድርን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነው። ምን እንደተሠራ ግን የነገረኝ የለም።

ያን ምሽት አስራ ሁለት ሞላ፣ ቁጥሯ አልዞረችም። በማግስቱም አልዞረችም። ጠዋት ስነሳ ግን ተቀይራ አገኛታለሁ። መቼ በር ላይ እንደምቆም ጠፋኝ። ሃያ አንድም ተኝቼ ሳለሁ ገብቶ አገኘሁት። ጥቂት ምሽቶች ደጅ ደጁን አየሁና ተውኩት። ሰኞ ማክሰኞ ልጫወት ወጣሁ።

አባዬ ዘንድሮ ሲሞት አላለቀስኩም። ለቀስተኛው ያፍርልኝ ነበር። የሚበላ ሲያቀርቡልኝ በላሁ፣ ተኚ ሲሉኝ ተኛሁ። ያ ወንዝ ውስጥ የቆየ እጅ ከልጅነቴ ጀምሮ ተመልሶ የእኔ አልሆነም። ሰዓቱ ቆሞ ስለነበር የጋሽ ከድር ልጅ ሙስጠፋ ዘንድ ወሰድኩት። ሱቁ ያው ነው፣ አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሞባይል መስታወት ነው የሚቀይርበት። ቆጣሪዎቹን ከመንቀሉ በፊት መሙያውን ስቦ አዞረና ግንባሩን ቋጠረ።

«እትዬ፣ ይሄ ሰዓት ተሳስቶ ነው የተተከለው። ቀኑ የሚዞረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የአባቴ ሥራ ይመስላል፤ እሱ ግን እንዲህ አይሳሳትም ነበር።»

ስድስት። ሌሊቱ ስድስት። እኔ የምተኛበት ሰዓት። አይ አባዬ! እኔን ከበር ላይ ማንሳት ቢያቅተው ቀኑን አንስቶ ወደ ሌሊት አሻግሮልኛል።

«አልተሳሳተም» አልኩት ሙስጠፋን። «አጽዳውና እንደነበረ መልሰህ ትከለው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ያኔ ቀን ሲገባ «ገባ?» የሚል ሰው ነበር። ዛሬ ቀኑ ስልክ ውስጥ ሳላየው ይቀየራል፤ የሚጠይቀኝም የለም። ሰዓቱን ከሙስጠፋ በተቀበልኩበት ዕለት ምሽት አስራ ሁለት ሲሞላ ሰዓቱን ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁ። ይሄዳል፤ ቁጥሯ ግን አልተነቃነቀችም። አባዬ «ገና ነው ማሚቴ» ያለኝ መሰለኝ። እራቴን በላሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ተቀይራ አገኘኋት። ያን ጊዜ አለቀስኩ።