ሠርጉን ያላየችው ንግሥት

የኖርዌጂያንኛ ኩርስ መምህራችን ለቃል ፈተናው መለማመጃ ይሆነን ዘንድ በድሮዋ ኦስሎ የኖረ አንድ ሰው መርጠን ለክፍሉ እንድንተርክ ያዘዘችን ሰሞን፣ እኔ አንድ ቦታ ተረጋግቶ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ልጄን ወደዚህ ለማምጣት ካመለከትኩ ዓመት አልፎኛል፤ መልስ ግን የለም። ጠዋት ብሪን የሚባለው ሰፈር ያሉትን ቢሮዎች አጽድቼ ስጨርስ ስልኬን ከኪሴ አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሞ አወጣለሁ። ፉሩሴት ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ደግሞ ከማድቤት ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ማድቤት ነው። ባለቤቴ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። «ኧረ በአላህ ቁጭ በይ፣ እኔን አዞረኝ» ይለኛል።

ልጄ የመጀመሪያው ባሌ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ስድስት ሲሞላት ዘመዶቼ ኦስሎ ለሚኖር የወሎ ሰው ዳሩኝና እሷን ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ትቼ መጣሁ። «አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ» አልኳት። አሥር ሆነ። መጀመሪያ ወረቀቴ አልተስተካከለም፤ ቀጥሎ ቋሚ ሥራ አልነበረኝም፤ እሱ ሲሞላ ደግሞ እናቴ «ልጅቷን አትንጠቂኝ» ብላ አለቀሰችብኝና ሁለት ዓመት ተውኩት። ልጄ አያቷን «እማ» ትላለች፤ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ለዒድ ጫማ ስልክላት «ደርሶኛል፣ ያምራል» ትለኝ ነበር። አንዱም ጫማ በእግሯ ልክ እንዳልነበረ፣ ሁሉም ለጎረቤት ልጆች እንደታደለ፣ እናቴ ሳታስበው ከአፏ አምልጧት ነው ያወቅኩት።

መምህራችን ካደለችን የስም ዝርዝር ውስጥ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷን መረጥኩ። በመካከለኛው ዘመን የኖረች የንጉሥ ሚስት ናት። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ቋንቋው እንዳይከብደኝ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩ። ለማንበብ ግን መቀመጥ ያስፈልጋል። አንድ ገጽ አነብና እነሳለሁ፣ በሰፈሩ አንድ ዙር ዞሬ እመለሳለሁ። ንግሥቲቱን የተዋወቅኳት እንዲህ በቁርጥራጭ ነው።

ከባሕር ማዶ፣ ከጀርመኖች አገር በጋብቻ የመጣች ሴት ናት። ስትመጣ ባሏ ገና የንጉሡ ወንድም ነበር፤ በኋላ ወንድሙ ሲሞት ነገሠ። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ወለዱ። ልጅቷ ድክ ድክ ሳትል ለስዊድኑ ንጉሥ ወንድም ታጨች። ንግሥቲቱም የፈረሰኞችና የፍቅር ታሪኮችን በአማቿ ቋንቋ በግጥም አስተርጉማ እንደ ስጦታ ላከችለት። ከዚያ ንጉሡ ባሏና የልጅቷ እጮኛ ተጣሉ፤ እጮኝነቱ ፈረሰ፣ ልጅቷም ለሌላ ታሰበች፤ ደግሞ ታረቁና ለመጀመሪያው ተመለሰች። በመጨረሻ እዚሁ ኦስሎ ተዳረች። ያኔ ዕድሜዋ ገና አሥራ አንድ ነበር። እናቷ ሠርጉን አላየችም፤ በዚያው ዓመት፣ ከሠርጉ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ሞታለች።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። የምሄድበት አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው ትረካዬን ላቀርብ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነው። ተፈቅዷል። ቢሮው ኮሪደር ላይ መጥረጊያዬን ጥዬ እልል አልኩና ኮምቦልቻ ደወልኩ።

«ተሳካልን! ትመጫለሽ!»

ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት። ከኋላዋ የጎረቤት ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«አልመጣም» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«አልመጣም አልኩሽ።» ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ የንግሥቲቱን ታሪክ እንደ ውዳሴ በቃሌ አነበነብኩት። የልጅቷ ባል ወንድሙ ባሰረው እስር ቤት እንደሞተ፣ እሷም ሃያ ሳይሞላት መበለት እንደሆነች፣ ሕፃን ልጇ የሁለት አገር ንጉሥ እንደተባለ ተናግሬ ጨረስኩ። ከፊት የሚቀመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት እናት እጃቸውን አነሱ። በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛቸው፣

«ልጅቷን የጠየቃት ሰው አለ?» አሉኝ።

«ነይ» አልኩ፤ በእነሱ ቋንቋ «የለም» ማለት ነው፣ ለጆሮዬ ግን ልጄን የምጠራት መሰለኝ። ቀጥዬ «መጽሐፉ አይናገርም» ልል ፈልጌ ነበር፤ ሳልጨርሰው ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። መምህራችን ውኃ አቀበለችኝ። ከትምህርት በኋላ እሳቸው ደጃፉ ላይ ጠብቀው ክንዴን ያዝ አደረጉና በአማርኛ «ክፉ ተናገርኩሽ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «አይደለም እናቴ» ብያቸው ሮጥኩ ማለት ይቀላል።

ንግሥቲቱ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ወደብ አጠገብ ነው። አሁን የቀረው ከሣሩ ብዙም ከፍ የማይል የድንጋይ መሠረት ነው፤ ሰው ውሻውን ያናፍስበታል። በዚያው ወደዚያ ሄድኩና ድንጋዩን እየዞርኩ ለልጄ ደወልኩ። በሦስተኛው አነሳች።

«ልቆጣሽ አይደለም የደወልኩት» አልኳት። «አንድ ጊዜም ጠይቄሽ አላውቅም። ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የእማ ዓይን እየጠፋ ነው» አለች። «ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። እኔ ከመጣሁ ማን ለሶላቷ የውዱእ ውኃ ይቀዳላታል? ደግሞ… አንቺን አላውቅሽም። ጥሩ ሰው ነሽ ይላሉ። እኔ ግን አላውቅሽም።»

መዞሬን ያቆምኩት ያኔ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። «እውነትሽን ነው» አልኳት። «እኔንም ወደዚህ ስመጣ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አንቺን ሳልጠይቅ ትቼሽ ሄድኩ። አውፍ በይኝ።» እሷ አለቀሰች፤ እኔም። በአጠገቤ ያለፈች ሴትዮ ውሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ራቅ ብላ አለፈች።

የተፈቀደላት የመግቢያ ጊዜ ሳያልፍ የምትመጣበትን መንገድ አብረን ፈለግን። ታናሽ እህቴ ከነልጆቿ ከደሴ መጥታ እናታችን ጋር ገባች፤ እናቴን አዲስ አበባ ወስዳ አንድ ዓይኗን አሳከመቻትና እናቴ ቢያንስ ሰው መለየት ቻለች። ልጄ ፈተናዋን ጨርሳ በነሐሴ መጣች። አየር ማረፊያ ስንገናኝ የጨበጠችኝ እንደ እንግዳ ነው። ለወራት ሳቋን የምሰማው ከባለቤቴ ጋር ስታወራ ብቻ ነበር፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ እሑድ ግን «ጸጉርሽን ልሥራልሽ» አለችኝ፤ ሦስት ሰዓት ያለ ወሬ ተቀመጥኩላት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግሩነርሎካ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። «እንዳትመጪ፣ አፍራለሁ» ብላኛለች። አልሄድም። በትራሙ ብቻ አልፋለሁ፤ በመስታወቱ ውስጥ ኩባያ ስታነሳ አያታለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ እወርድና በማዶው በኩል በእግሬ እመለሳለሁ።