የተበደርኩት ተራራ

ባለፈው ቅዳሜ የክረምት ጎማ ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ፎሮድ የምንላት የዕቃ ማስቀመጫችን እዚያ ናት። ጎማው አልተገኘም። ከአንድ አሮጌ የስፖርት ቦርሳ ሥር ግን ራግቢ ስጫወት የምነክሳት የላስቲክ የጥርስ መከላከያ ወጣች። አሸተትኳት። እርጥብ ሣር፣ ጭቃ፣ የጡንቻ ቅባት። የአሥራ ስድስት ዓመት ጥርሶቼ እንደታተሙባት ናቸው፤ አንድም ሳይጎድል የሚገኙት አሁን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ልጄ ከኋላዬ መጥታ ምንድን ነው አለችኝ፣ በስዊድንኛ። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። «የአያትሽ ተራራ» አልኳት። እኔ አባቷ ወሬ ማጋነን እንደምወድ ስለምታውቅ ከንፈሯን ገፋ አድርጋ ወጣች። ለሷ መንገሬ አይቀርም፤ እስከዚያው አንተ ስማኝ።

ያኔ የምንኖረው ሃግሴትራ፣ የምድር ባቡሩ መጨረሻ ላይ ነበር፤ አባቴና እኔ ብቻ። እግር ኳስ ልመዘገብ ወጥቼ ሜዳ ተሳሳትኩ። እንቁላል የመሰለ ኳስ ወረወሩልኝ፤ ያዝኩት፤ ከዚያ አርባ ሰው ላዬ ላይ ወደቀ። እነሱ አምስት ነበርን ይላሉ። ከሥር ጎትቶ ያወጣኝ አሰልጣኙ ነው፤ ስዊድናዊት አግብቶ እዚሁ የቀረ የኒው ዚላንድ ማኦሪ። በር ላይ ሲቆም ክፍሉ ይጨልማል። ድምፁ ግን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ዝግ ያለ ነበር።

ከልምምድ በኋላ፣ ልብስ መቀየሪያው በሻወር እንፋሎት ታፍኖ፣ ስለ አገሩ በእንግሊዝኛ ይነግረናል። ሁለት ትልልቅ ደሴቶች፤ መሃላቸው መርከብ የሚያንገላታ ባሕር፤ መሬቱ እንደ ድስት የሚፈላበት መንደር፤ ሰው ሲገናኝ ግንባርና አፍንጫውን አነካክቶ አንድ ትንፋሽ የሚካፈልበት ሰላምታ። እኔም ከቤተ መጻሕፍት የጉዞ መጽሐፍ ተዋስኩና በሳምንቱ የአገሩ አስጎብኚ ሆኜ አረፍኩ። ከየትኛው ወደብ ተነስቶ የት እንደሚወረድ፣ በየትኛው መንገድ ባሕሩ በቀኝ እንደሚታይ ለማንም እነግራለሁ፤ እዚሁ ጎረቤት ከተማ ሶደርተልየ ለመሄድ ሦስት ጊዜ የምጠይቀው ሰውዬ።

ቡድኑ የሚፈልገው ግን ሃካ ነበር፤ ከጨዋታ በፊት ጭን እየተመታ፣ ዓይን ፈጦ፣ ምላስ ወጥቶ የሚወርደው የማኦሪ ፉከራ። አሰልጣኙ እምቢ አለ። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ቆመን ተራራችንን፣ ወንዛችንን፣ ወገናችንን እንድንናገር አዘዘ። በነሱ ወግ የራስ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የቆመበትን የማያውቅ ሰው አይፎክርም አለን።

አንዱ ስዊድናዊ ልጅ ከሕንፃ ፍርስራሽ የተከመረ የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ ተራራዬ ነው አለ፤ አንዲት ጉብታ ብታክል ነው፤ አሰልጣኙ በቁም ነገር ተቀበለው። ቀጥሎ፣ በነሱ ዘንድ ልጅ ሲወለድ የእንግዴ ልጁና እትብቱ በቤተሰቡ መሬት እንደሚቀበር ነገረን። ልጆቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ብቻ ብድግ አልኩ።

«እኛም እንቀብራለን» አልኩ።

የአሰልጣኙ ፊት በራ። ያንተስ የት ነው አለኝ።

አላውቅም ነበር። ከአገር የወጣሁት በአምስት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ ስለ አገር ሲጠየቅ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። አላውቅም ማለት በተፈጥሮዬ ስለሌለ ራስ ዳሽን ላይ ነው አልኩ። ካልቀረ ረጅሙ ይሁን ብዬ። ወንዜም ዓባይ ሆነ። አያቴ በበቅሎ ጫፉ ድረስ ወጥታ፣ በረዶ በዶማ ፈልጣ እንደቀበረችው ጨመርኩበት። አሰልጣኙ ግንባሩን ግንባሬ፣ አፍንጫውን አፍንጫዬ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ትንፋሹ ይሞቃል። የዋሸሁት ውሸት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቤተሰብ ቀን ተጠራ። የጥሪው ደብዳቤ ቤት ሲመጣ፣ ለአባቴ የማነብለት እኔ ነኝና፣ ከጥርስ ሐኪም ነው አልኩት። አባቴ ሁዲንጌ በሚባል ጎረቤት ሰፈር በጽዳት ይሠራ ነበር። ቢሮ ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ «ያ፣ ያ» ከማለት በቀር ድምፁ አይሰማም፤ ከኋላው ሆኜ የምናገርለት እኔ ነኝ። ሰው ፊት እንዲቆም አልፈለግኩም። የራስ ዳሽን ውሸቴ እንዳይወጣም ፈርቼ ነበር። ለካ አሰልጣኙ ባቡር ጣቢያ አግኝቶት በእጅ ምልክት ጋብዞታል።

መጣ። የጁምዓ ኮቱን ለብሶ፣ ፔርሙዝ በብብቱ ይዞ። አሰልጣኙ እንደ አገሩ ልማድ ድንችና ካሮት በጋለ ድንጋይ ሊያበስል ከሜዳው ዳር ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። አባቴ ትንሽ አየውና አካፋውን ከእጁ ወሰደ። ለሁለት ቆፈሩ፤ ስዊድንኛ የማይችሉ ሁለት ሰዎች በተሰባበረ ስዊድንኛ እየተሳሳቁ። ከዚያ አሰልጣኙ ወደተሰበሰበው ሰው ዞሮ፣ ይህ ሰው የልጁን እትብት በራስ ዳሽን ላይ ያስቀበረ አባት ነው፣ እሱው ይንገረን አለ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር አባቴ የያዘው ሁለት ቃል ነው፤ ራስና ዳሽን። አየኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ስለ ተራራችን ይንገሩን ነው የሚለው፣ አባባ።»

አካፋውን መሬት ላይ ተከለ፤ እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ። ጀርባው ሲቃና ከአሰልጣኙ እኩል የሆነ መሰለኝ። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«ተራራችን ጦሳ ነው። ደሴ፣ በራችንን ስንከፍት ፊት ለፊት። ወንዛችን ቦርከና። የዚህን ልጅ እትብት እናቴ ያዘች፣ እኔ ጓሮ ወይራው ሥር ቆፈርኩ፣ ቢስሚላህ ብለን ቀበርን። ያን ቀን ዝናብ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦ «ንገራቸው» አለኝ።

አማርኛ የሚሰማ በዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ማንም አልነበረም። ጦሳን ራስ ዳሽን፣ ቦርከናን ዓባይ ብዬ ባሳልፈው የሚይዘኝ የለም። አፌ ጀምሮትም ነበር። የአባቴን ጣቶች አየሁ፤ ጥፍሮቹ ውስጥ የሃግሴትራ አፈር ገብቷል። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ፤ ዝናቡን እንኳ አልተውኩም። ከዚያ፣ በፊት ያልኳችሁ ውሸት ነበር አልኩ።

የሳቀ የለም። አሰልጣኙ ወደ አባቴ ሄዶ ግንባርና አፍንጫውን አስነካው። አባቴ ሰላምታው ያላለቀ መስሎት ትከሻ ጨመረበት፤ ሦስት ጊዜ፣ በወሎ ጉልበት። ያ ተራራ የሚያህል ሰው ሲንገዳገድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ሃካ አስተማረን። ፊተኛው ረድፍ ላይ አቆመኝ። ጭኔን መትቼ የጮህኩት ጩኸት ሁዲንጌ የሚሠራው አባቴ ጆሮ ደርሶ፣ መወልወያውን አስጥሎታል ብዬ እስከዛሬ አምናለሁ።

ግን ከቤተሰቡ ቀን ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ፣ አባቴ መስኮቱን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«ጦሳ አነሰብህ?»

እንባዬ ሲመጣ አየና «አብሽር» ብሎ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወዲያ ስለ ደሴ ስጠይቀው ሬዲዮውን ዘጋ እያደረገ ያወራኝ ነበር።

አሁን አባቴ ከከተማው በስተደቡብ፣ በበርች ዛፎች መሃል አርፏል። ቦታው ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ብታይ አንድ ጉብታ የለም። ጦሳን ዳግመኛ አላየም። ይህን ሁሉ እሑድ ምሳ ላይ፣ የጥርስ መከላከያዋን ከሳህኖቹ መሃል አስቀምጬ ለልጄ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ፣ በስዊድንኛ፣ ጦሳ ግን ስንት ሜትር ነው አለችኝ።

«ራስ ዳሽን ተንጠራርቶ ነው የሚያየው» አልኳት።

አባቴ ያርመኝ እንደሁ ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። ይህችኛዋን አለፈልኝ።