የሲራጅ ቁመት

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሰንበቴ የከብት ገበያ ላይ ደላላ ማለት ረጅም ሰው ማለት ነበር። ገበያውን የያዙት ሁሉ ከግርግሩ በላይ ጭንቅላታቸው የሚታይ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የሚንጎማለሉ ናቸው። ሲራጅ ግን አጭር ነው። ነገሩን ማለሳለስ አያስፈልግም። ኮርማ አጠገብ ሲቆም ከወዲያ በኩል ያለው ገዢ ቆቡን ብቻ ነው የሚያየው። ከብት ማወቁንስ ያውቃል፤ የአንድ በሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን፣ አረማመዱን አይቶ ሕመሙን ይነግርሃል። ግን ማን ጠይቆት? ሻጭም ገዢም አልፎት ይሄዳል።

ሚስቱ ሰዓዲያ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። ጅዳ ያለው ወንድሟ ደግሞ «ና፣ እዚህ ሥራ አለ» እያለ ይልክበታል። ሲራጅ መሄዱን አይወድም፤ ከሰፈሩ ልጆች ስንቱን ባሕር እንደበላው ያውቃል። ቢሆንም ሰንበቴ ካላበላው ከረመዳን በኋላ ሊሄድ ቆርጧል።

የገበያው ሰዎች «ድለላ ቁመና ይፈልጋል፣ ምን ይደረግ» ይሉታል። ሰዓዲያ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል።

«ንቀውህ ነው» አለችው። «አጭር ነው ብለው ንቀውህ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ሲራጅም አመናት። አንድ የገበያ ቀን ሰው ሲበተን፣ የደላሎቹ አውራ የሆነው በድሩ ግራር ሥር አረፍ ባለበት ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ በድሩ፣ ቁመቴን አይታችሁ ነው የገፋችሁኝ።»

በድሩ አልተቆጣም። «አካም ነህ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለው። «አባቴን ታውቀው ነበር?»

«አልደረስኩባቸውም።»

«ካንተ ያጥር ነበር፣ ወላሂ። ይህን ገበያ እስኪሞት የያዘው እሱ ነው። እኔ የረዘምኩት ከእናቴ ወገን ይሁን ከወተቱ እንጃ፤ ቤታችን የሚታለብ ጠፍቶ አያውቅም። ከብት የሚያመጡት አፋሮች ደግሞ ለገበያ ሲወጡ እኛ ቤት ነበር የሚያድሩት። ዛሬም እኔን የሚጠሩኝ ያደርንበት ቤት ልጅ ብለው ነው። አንተን ማን ያውቅሃል? ያላወቁትን ሰው ዋስ አድርገው የከብታቸውን ገመድ ይሰጡታል?»

ሲራጅ እየተነጫነጨ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ላይ ግን ነገሩን ያብሰለስለው ጀመር። በሰንበቴ ደላላ ዋጋ የሚያስማማ ብቻ አይደለም፤ ከብቱ የተሰረቀ እንዳልሆነ፣ የሻጩም ቤት እንደሚታወቅ የሚቆምለት ዋስ ነው። እነዚያን ረጃጅም ደላሎች አንድ በአንድ አሰባቸው። ሁሉም የጨፋ የከብት ባለቤቶች ልጆች ናቸው። ቁመቱንም ድለላውንም ያገኙት ከአንድ ቤት ነው፤ ቁመቱ ከወተቱ፣ ድለላው ከአባት እንግዶች። አንዱ ሌላውን አላመጣውም። ደግሞ ሙሀመድኑር አለ፣ አይሱዙ ላይ ማሽላ የሚጭነው። በድሩን በቁመት አንድ ጭንቅላት ይበልጠዋል፤ ለአንዲት ፍየል እንኳ ዋስ ሁነኝ ያለው ሰው የለም።

ሲራጅ የሚደነቀው እዚህ ላይ ነው። ቂም ይጣፍጣል፤ ሌላው ቢሆን እሱን ይዞ እየተራገመ ባሕር ይሻገር ነበር። ሲራጅ ግን የሚቆጣበት ሰው እንደሌለ ሲገባው ቂሙን ጣለው፣ ከባዱን ሥራም ጀመረ።

በገበያ ዋዜማ አፋሮቹ ከብት ወደሚያጠጡበት ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርድና ዳጉ ይቀመጥ ጀመር። አፋር ሰው ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ የዝናቡን፣ የሳሩን፣ የጠፋውን ግመል፣ የታመመውን ሰው። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉ ላይ መዋሸትም መቸኮልም ነውር ነው። ሲራጅ በተሰባበረ አፋርኛ የከሚሴን ዋጋ፣ የከብት በሽታ የገባበትን ቀበሌ ነገራቸው። አንድ ጊዜማ ዋጋው እንደወደቀ፣ ለዒድ ግን እንደሚወጣ ነገራቸውና ከብታቸውን እየነዱ ተመለሱ። እሱም ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ሰዓዲያ ተቆጣችው።

ረመዳን ገባ። ገበያው ግን እንደ ድሮው ያልፈዋል። የወንዙ ዳር ሰዎች ሰላምታውን ሞቅ አድርገው ይሰጡታል እንጂ ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት ለዒዱ ነው፤ እሱ ደግሞ የጅዳውን መንገድ ተነጋግሮ ጨርሷል። ሰዓዲያ ልብሱን አጥባ አጣጥፋለች።

ዒድ ሲቃረብ በዋለው ትልቁ ገበያ አንድ የማይታወቁ የአፋር ሽማግሌ ብዙ ሰንጋ አስነድተው ከቆላ ወጡ። በድሩ ቀረብ ብሎ ሰላም አላቸው። ሽማግሌው በወጉ መለሱለት፤ ገመዱን ግን አልሰጡትም።

«ሲራጅ የሚባለውን ነው የምፈልገው» አሉ።

ሲራጅ አጠገባቸው ነበር፤ ሌላ ቦታ ሲፈልጉት በድሩ ወደ ታች አመለከታቸው። ሽማግሌው ዝቅ ብለው አዩት፣ እጁን ያዙና ረጅም ሰላምታ ሰጡት፣ ከዚያ ገመዱን በእጁ አስያዙት። ሲራጅ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረበትም።

በድሩ ሳቀ። «አባባ፣ አጭር መሆኑን አልነገሩዎትም እንዴ?»

ሽማግሌው አልሳቁም። የሰሙትን ዳጉ ሁሉ በልባቸው መለስ አድርገው አዩት።

«የወደቀውን ዋጋ ሳይደብቅ ሰዎቻችንን እንደመለሰ ነገሩኝ» አሉ። «ሚስቱ እርጉዝ እንደሆነች ነገሩኝ። በባሕር ሊሄድ ነው ሲሉኝ ሳያመልጠኝ ብዬ ፈጥኜ መጣሁ። ቁመቱን የነገረኝ ሰው የለም።»