ፕላስቲኩን ፕላስቲክ ማለት

በደርግ ዘመን ለንደን፣ ኪልበርን ገበያ ውስጥ ሻርፕና የእጅ ቦርሳ እሸጥ ነበር። የመርካቶ ልጅ ነኝ። ትምህርቴንም እዚያው ነው የጨረስኩት፤ ግማሹን ከደንበኛ፣ ግማሹን ከሌባ። የወንድሜ ልጅ በሱዳን በኩል አድርጋ እኔ ዘንድ ስትደርስ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት አስገባኋት።

ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ጠመኔ በነካ እጇ ጨበጠችኝ።

"ስታነብ አንድ ቃል አትስትም" አለችኝ። "ምን ይመስልሻል ስላት ግን ያነበበችውን እንዳለ ትደግምልኛለች። የክፍል ኃላፊው አይገባትም ብሏል። ወደ ታችኛው ክፍል ሊያወርዳት ነው።"

ታችኛውን ክፍል አውቀዋለሁ፤ አይገባቸውም የተባሉ ልጆች የሚከማቹበት ነው። የጎረቤቴ ልጅ እዚያ ገብቶ ትምህርት ቤቱን እስኪለቅ ሥዕል ሲቀባ ነው የኖረው።

"ይገባታል" አልኳት። "እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገብቷታል።"

ነገርኳት። አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ውስጥ ወረቀት ይነበባል፤ ከዚያ ውይይት ይባላል። ውይይት ማለት የተነበበውን መድገም ነው። ወንድሜ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ "ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም" አለ። ልጅቱ አጠገቡ ነበረች። ሲወስዱትም አጠገቡ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ በሰፈረው ነገር ላይ አትጨምርም፣ አትቀንስም።

አስተማሪዋም፣ "ክፍሌ ውስጥ ያሉት ልጆች ከየአገሩ የመጡ ናቸው። እንዴት አድርጌ እንደማናግራቸው ያሳየኝ ሰው የለም። እርስዎ ገበያ ላይ እንዴት ነው የሚያደርጉት?" አለችኝ።

"ቅዳሜ ነይና እዪ።"

መጣች። እሷም እንድትሰማ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። ልጅቱን ከገዢ ወገን አቆምኩና አንድ ቦርሳ አነሳሁ። ፕላስቲክ መሆኑን ታውቃለች፤ ዕቃውን ስናራግፍ አብራኝ ነበረች።

"እውነተኛ ቆዳ ነው" አልኳት።

"እውነተኛ ቆዳ ነው" አለች።

"ከጣሊያን የመጣ።"

"ከጣሊያን የመጣ።"

ከጎኔ ድንች የሚሸጠው አየርላንዳዊ አላስቻለውም። "የኔ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ለወለደቻት እናቷም ፕላስቲክ ትሸጣለች" አላት።

ልጅቱ ቦርሳውን አገላበጠች። ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። ከዚያ በቀስታ፣ "እትዬ፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው" አለች።

ማንም መጥቶ አልወሰዳትም።

"ከምን አወቅሽ?"

"ይሸታል። እዚህ ጋ ደግሞ ተልጧል።"

"በይ እንግዲህ፣ መጽሐፍ የሚጽፈውም ሰውዬ እንደኔው ሻጭ ነው። ሳታገላብጪ አትመኚው።"

አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ተመልሳ ክፍሉን በሙሉ ገዢ፣ ጸሐፊውን ሻጭ አደረገችው። ጸሐፊው ያለውን የማያምን ልጅ የተላጠውን ቦታ ከገጹ ላይ ማሳየት አለበት። ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር አሉ። ኃላፊው በጩኸቱ ተቆጥቶ፣ ልጅቱን ራሴ እፈትናታለሁ አለ። እኔም ገበያዬን ለአየርላንዳዊው አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። የጠራኝ አልነበረም።

ኃላፊው ስለ አንዲት ድሃ እናት የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጣት። አነበበች፤ አንድ ቃል አልሳተችም።

"ምን ይመስልሻል?"

በሩን አየች። ቀጥሎ አስተማሪዋን አየች።

"ጸሐፊው ዋሽቷል" አለች።

"እንደዚያ የሚል የት አለ?"

"ደስተኛ ነበረች ይላል። ልጆቹ ሲበሉ እሷ ውሃ ብቻ ነው የጠጣችው፤ ይኸው እዚህ ጋ። ደስ ብሎሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።"

"እኔ ግን እንደዚያ አልመሰለኝም።"

"ታዲያ ምክንያትዎን ያሳዩኝ" አለችው፤ ገጹንም ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች፤ ሳቋን ስትውጥ አየኋት። ኃላፊው መነጽሩን አድርጎ ገጹን እንደገና ማንበብ ጀመረ። ልጅቱም ከክፍሏ አልወረደችም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ተናግሬ በሰላም ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። "ከምን አወቁ፣ እትዬ?" ትለኛለች፣ እጇን አውጥታ። ታውጣ። በኔ ቤት እጁን ያወጣ ሰው አይወሰድም።